በኪሳራውና በመዝገቡ መካከል፦ ስለ ሊኩዲቲና ጽናት በኢስላማዊና በመደበኛ ባንኮች

ክቡራንና ክቡራት፣

ከወለድ ነፃ ስለሆነው ኢስላማዊ ባንክና ስለ መደበኛው ባንክ ንግግር በተደረገ ቁጥር ከአድማጭ ወገን ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ገንዘቤን ባስቀምጥ የትኛው ይበልጥ አስተማማኝ ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው አይነቀፍም፤ ነገር ግን በዚህ መልክ ከቀረበ መልሱ ብዙውን ጊዜ ወይ የእምነት ምስክርነት ወይ የሙያ ፉክክር ይሆንና ነገሩ ራሱ ሳይመረመር ይቀራል። ስለዚህ በሌላ ጥያቄ እንድጀምር ፍቀዱልኝ፦ ባንኩ ያበደረው ወይም የነገደበት ገንዘብ ሲጠፋ፣ ያ ጥፋት በአስቀማጩ ሒሳብ ላይ የሚጻፈው መቼ ነው? በዚያው ቀን ነው? በዓመቱ መዝጊያ ነው? ወይስ ጭራሽ አይጻፍም? የሁለቱም ዓይነት ባንኮች ጽናት፣ እንደ እኔ አመለካከት፣ ከውላቸው ስም ይልቅ በዚህ ጊዜ ርዝመት ላይ የተንጠለጠለ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ሊኩዲቲ የምንለው ባንኩ የሚጠየቀውን ክፍያ በተጠየቀበት ቀን፣ ንብረቱን በርካሽ ለመሸጥ ሳይገደድ፣ የመክፈል አቅሙን ነው። ዕዳን የመሸፈን አቅም ደግሞ ሌላ ነው፤ የባንኩ ሀብት በሙሉ ተሰብስቦ ቢመነዘር ዕዳውን ሁሉ ይዘጋል ወይ የሚለውን ይመለከታል። አንድ ባንክ ሀብታም ሆኖ ሳለ ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሚከፍለው ሊያጣ ይችላል፤ በውስጡ የከሰረ ባንክም ማንም እስካልጠየቀው ድረስ ለዓመታት ደጃፉን ከፍቶ ሊኖር ይችላል። አስቸጋሪው ነገር ይህ ልዩነት በሰላም ጊዜ ግልጽ ሆኖ በጭንቅ ጊዜ መጥፋቱ ነው። ጥሬ ገንዘብ ያጠረው ባንክ ሀብቱን በጥድፊያ ሲሸጥ ዋጋው ይወርዳል፣ ዋጋው ሲወርድ ካፒታሉ ይበላል፣ እናም ጠዋት የገንዘብ እጥረት የነበረው ነገር ማታ ኪሳራ ሆኖ ያድራል።

ባንክ ለዚህ አደጋ የተጋለጠው በአስተዳዳሪዎቹ ስንፍና ሳይሆን በሥራው ጠባይ ነው። የሚቀበለው በማንኛውም ሰዓት ሊወጣ የሚችል ገንዘብ ነው፤ የሚሰጠው ግን ከዓመታት በኋላ የሚመለስ ነው። ዳግላስ ዳይመንድና ፊሊፕ ዲብቪግ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በ1983 ይህን በሒሳባዊ ሞዴል አሳዩ፤ በ2022ም ከቤን በርናንኬ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ያሳዩት ነገር ቀላል ሆኖ የሚያስደነግጥ ነው፤ ምንም ያልከሰረ ባንክ እንኳ «ሌሎች ገንዘባቸውን ሊያወጡ ነው» በሚል ፍርሃት ብቻ ሊወድቅ ይችላል። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የሚለው ተረታችን በዶሮዋ ሞኝነት ያስቀናል ሳይሆን ያስቃል፤ በባንክ በር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ባንኩ ለቀደመው ሙሉውን፣ ለዘገየው የተረፈውን ስለሚከፍል፣ ሌላው ሲሮጥ እያየ ተረጋግቶ የቆመው ነው የሚጎዳው። ከዚህ ተነሥተን ስለ የትኛውም ባንክ መጠየቅ ያለብን አስቀማጩን ከመሽቀዳደም የሚያስቆመው ምን እንደሆነ ነው።

በመደበኛው ባንክ ዘንድ መልሱ በዋናነት ከባንኩ ውጭ ያለ ነው፤ የተቀማጭ ገንዘብ መድንና የማዕከላዊ ባንክ የመጨረሻ አበዳሪነት። ይህ መልስ ሲጎድል ምን እንደሚሆን በእንግሊዝ በ2007 ታይቷል። ኖርዘርን ሮክ የተባለው ባንክ ለቤት መግዣ የሚያበድረውን ገንዘብ በአብዛኛው የሚያገኘው ከአስቀማጮች ሳይሆን ብድሮቹን አሽጎ በገንዘብ ገበያ በመሸጥና ከሌሎች በመበደር ነበር። ገበያው በዚያ ዓመት በኦገስት ሲደርቅ ባንኩ ወደ አገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ፣ ወደ እንግሊዝ ባንክ፣ ለእርዳታ ሄደ፤ የእርዳታው ወሬ በሴፕቴምበር 13 ማታ ተሰማ፤ በማግስቱ ሰልፉ መንገድ ሞላ። በወቅቱ መድኑ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው የመጀመሪያውን 2,000 ፓውንድ ብቻ ሲሆን ከዚያ በላይ ላለው 33,000 ፓውንድ ደግሞ 90 በመቶውን ብቻ ነበር። ስለዚህ የተሰለፈው ሕዝብ ሞኝ አልነበረም፤ የመድኑን ውል ያነበበ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ሰልፉ የተበተነው መንግሥት ለተቀማጩ ሁሉ ዋስትና መስጠቱን በሴፕቴምበር 17 ሲያስታውቅ ነው። ባንኩ በፌብሩዋሪ 2008 የመንግሥት ሆነ።

የሲሊከን ቫሊ ባንክ ታሪክ ለዛሬው ነገራችን ይበልጥ ይቀርባል። ባንኩ ወለድ ዜሮ አካባቢ በነበረበት ጊዜ በርካታ የአሜሪካ መንግሥት ቦንዶችንና በቤት ብድር የተደገፉ ሰነዶችን ገዛ። እነዚህ በመክፈል አቅም ረገድ ከሞላ ጎደል ምንም ስጋት የሌለባቸው ነበሩ። ነገር ግን የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ከማርች 2022 ጀምሮ ወለድን በፍጥነት ሲያሳድግ የቦንዶቹ የገበያ ዋጋ ወረደ፤ ባንኩ አብዛኞቹን «እስከ መክፈያ ጊዜያቸው የሚያዙ» ብሎ መዝግቧቸው ስለነበረ የዋጋው መውረድ በሒሳብ ሚዛኑ ላይ አልታየም። በ2022 መጨረሻ ያልተመዘገበው ኪሳራ ወደ 15 ቢሊዮን ዶላር ሲደርስ የባንኩ ካፒታል ወደ 16 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ኪሳራው ደርሷል፤ መዝገቡ ግን አያውቀውም። በማርች 8 ቀን 2023 ባንኩ 21 ቢሊዮን ዶላር የሚሆኑ ሌሎች ሰነዶችን ሸጦ 1.8 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩንና አዲስ ካፒታል ማሰባሰብ መፈለጉን አስታወቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ካፒታሉን ለመጠገን የወጣው መግለጫ አስቀማጩን በተነ፤ በማግስቱ በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ወጣ፣ በማርች 10 ባንኩ ተዘጋ። ከተቀማጩ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከመድኑ ጣሪያ በላይ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቁጥጥር ሕግ ባጭሩ ልናገር። ከ2008 ቀውስ በኋላ ዓለም አቀፍ የባንክ ቁጥጥር መስፈርት የሚያወጣው የባዝል ኮሚቴ የሊኩዲቲ ሽፋን ምጣኔ የሚባለውን መስፈርት አወጣ፤ ባንኩ ለ30 ቀን የሚቆይ ጭንቅ የሚያስከትለውን የተጣራ ክፍያ የሚሸፍን፣ በቀላሉ ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚለወጥ ጥራት ያለው ሀብት እንዲይዝ ያስገድዳል። በ2015 በ60 በመቶ ጀምሮ በ2019 ሙሉ 100 በመቶ ደረሰ። መስፈርቱ ጠቃሚ ነው፤ ግን ግምቶቹን ማየት ያስፈልጋል፤ የረጋ የሚባለው የግለሰብ ተቀማጭ በ30 ቀን ውስጥ የሚወጣው 5 በመቶው፣ ያልረጋው ደግሞ 10 በመቶው ያህል እንደሆነ አድርጎ ይጀምራል። የስዊዘርላንዱ ባንክ ክሬዲት ስዊስ በ2022 መጨረሻ ይህ ምጣኔው ከ140 በመቶ በላይ ነበር፤ ከሦስት ወር በኋላ በ3 ቢሊዮን የስዊስ ፍራንክ ለተፎካካሪው ተሸጠ። መስፈርቱን ማሟላት ማለት ጊዜ መግዛት ማለት ነው፤ በተገዛው ጊዜ የሚሠራ ነገር ከሌለ ግን ጊዜው ብቻውን ባንክ አያድንም።

አሁን ወደ ኢስላማዊው ባንክ እንለፍ። የዚህ ዘርፍ ባንኮችና ሌሎች የገንዘብ ተቋማት ሀብት ባሁኑ ሰዓት ከ3 ትሪሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ሲሆን አብዛኛው የባንኮች ነው። በ1975 የዱባይ ኢስላሚክ ባንክ ሲከፈትና በዚያው ዓመት የእስልምና ልማት ባንክ ጅዳ ላይ ሥራ ሲጀምር የነበረው ሐሳብ ከመደበኛው ባንክ በመሠረቱ የተለየ ነበር። በሙዳራባ ውል ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው አበዳሪ ሳይሆን የካፒታል ባለቤት ነው፤ ባንኩ ደግሞ ሙዳሪብ ማለትም ሥራ አስኪያጁ ነው። ትርፍ ሲገኝ አስቀድመው በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ካላጠፋ፣ ቸል ካላለ ወይም ውሉን ካልጣሰ በስተቀር ኪሳራው የገንዘቡ ባለቤት ነው፤ ሙዳሪቡ የሚያጣው ድካሙን ነው።

ይህ ከጽናት አንጻር ምን ማለት እንደሆነ በትንሽ ስሌት እንየው። የባንኩ ጠቅላላ ሀብት 100 ነው እንበል፤ 92ቱ የኢንቨስትመንት ሒሳብ ባለቤቶች ማለትም ገንዘብ ያስቀመጡት ሰዎች፣ 8ቱ የባለአክሲዮኖች። ከሀብቱ 10 ጠፋ። በመደበኛው ባንክ ካፒታሉ በሙሉ ተበልቶ 2 ያህል ዕዳ ሳይሸፈን ይቀራል፤ ባንኩ ከስሯል ማለት ነው። ገንዘቡ በአንድ ቋት በተቀላቀለበት ሙዳራባ ግን ኪሳራው ለሁሉም እንደየድርሻው ይከፋፈላል፤ 100 የነበረው ሰው 90 ይኖረዋል። ዛሬ ቢወጣም 90፣ ነገ ቢወጣም 90 ነው፤ ስለዚህ ለመሽቀዳደም ምክንያት የለውም። የዳይመንድና የዲብቪግ አደጋ እዚህ ከሥሩ የተነቀለ ይመስላል። የኢስላማዊ ባንክ ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ ማስረጃቸውን የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው፤ በዚህ ነጥብ ላይም ትክክል ናቸው።

ነገር ግን በስሌቱ ውስጥ ሳልናገረው ያሳለፍኩት አንድ ሁኔታ አለ፤ ኪሳራው በደረሰበት ቀን ተመዝግቧል። የባንክ ሀብት ደግሞ በየቀኑ ዋጋ የሚወጣለት አክሲዮን አይደለም። የደንበኛ ክፍያ መዘግየቱ፣ ከዚያ አጠራጣሪ መባሉ፣ ከዚያ መጠባበቂያ መያዙ ወራት ይፈጃል። እንግዲህ በዚያው ስሌት፣ 10ሩ ጠፍቷል ግን ገና አልተጻፈም፤ ወሬውን የሰሙት ግማሾቹ የሒሳብ ባለቤቶች 46ቱን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ሄዱ እንበል። ሀብቱ በሙሉ ዋጋው ተመንዝሯል ብለን ብናስብ እንኳ ከ90 ላይ 46 ሲቀነስ 44 ይቀራል፤ የቀሩት ባለመብቶች ድርሻ ደግሞ ከባለአክሲዮኖቹ ጋር 54 ነው። ለቀረው ሰው ከ100 የሚደርሰው 90 መሆኑ ቀርቶ 81 ገደማ ይሆናል። ኪሳራን መጋራት የሚለው ውል አልተጣሰም፤ የተጋሩት ግን የቆዩት ብቻ ናቸው። በኪሳራውና በመዝገቡ መካከል ያለው ጊዜ ሲረዝም ሙዳራባውም እንደ ተራ ተቀማጭ የቀደመ የሚጠቀምበት ሰልፍ ይሆናል።

ከዚህ በላይ ደግሞ ባንኮቹ ራሳቸው ይህን ጊዜ ሆን ብለው ያራዝሙታል። በክፋት አይደለም፤ ገበያው ያስገድዳቸዋል። ደንበኛው የትርፍ ድርሻውን በመደበኛው ባንክ ከሚከፈለው ወለድ ጋር ያነጻጽራል፤ ካነሰበት ይሄዳል። ባንኩም እንዳይሄድበት ከራሱ የሙዳሪብነት ድርሻ ይተውለታል፤ በዘርፉ ቋንቋ ይህ ወደ ባለአክሲዮኑ የተዛወረ የንግድ ስጋት ይባላል። በተጨማሪም በደጉ ዓመት ከገቢው ቀንሶ የትርፍ ማስተካከያ መጠባበቂያ፣ ከሒሳብ ባለቤቶቹ ድርሻ ደግሞ የኢንቨስትመንት ስጋት መጠባበቂያ ይይዛል፤ በክፉው ዓመት ከዚያ ይከፍላል። ውጤቱ ደንበኛው ዓመት ከዓመት ያልተለዋወጠ ድርሻ ማግኘቱና ገንዘቡ ሊቀንስ እንደሚችል መርሳቱ ነው። በወረቀት የካፒታል ባለቤት የነበረው ሰው በልቡ አስቀማጭ ይሆናል። ማስተካከያው ለአስተዳዳሪው ምቹ፣ ለደንበኛውም አስደሳች መሆኑን አልክድም፤ ግን የኢስላማዊውን ባንክ ዋና መከላከያ ቀስ እያለ የሚሸረሽር ይመስለኛል። የሒሳብ ባለቤቱ ኪሳራን ተለማምዶ የማያውቅ ከሆነ መጀመሪያ በሚያየው ኪሳራ ቀን ይሮጣል።

በሀብት በኩልም ሥዕሉ ከመነሻው ሐሳብ የራቀ ነው። በትርፍና በኪሳራ መጋራት ላይ የቆሙት ሙዳራባና ሙሻረካ ከባንኮቹ ሀብት ትንሹን ይይዛሉ፤ ትልቁን የያዙት ሙራባሃን የመሰሉ የሽያጭ ውሎች ናቸው። በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ ዋጋውንና ትርፉን ገልጦ፣ በጊዜ ክፍያ ለደንበኛው ይሸጣል። ሽያጩ እንደተፈጸመ ዋጋው ቋሚ ዕዳ ነው፤ ከዚያ በኋላ የገበያው ወለድ ቢያድግ ባንኩ ጭማሪ መጠየቅ አይችልም፤ ደንበኛው ቢዘገይም የሚጣልበት ቅጣት ለበጎ አድራጎት እንጂ ለባንኩ ገቢ አይሆንም። እዚህ ላይ የሲሊከን ቫሊን ታሪክ አስታውሱ። በቋሚ ትርፍ የተሸጠ የአምስት ዓመት ሙራባሃ የያዘ ባንክ የገበያው ወለድ ሲያሻቅብ በቋሚ ወለድ ቦንድ እንደያዘው ባንክ ይጨነቃል፤ አስቀማጮቹ የተሻለ ድርሻ ይፈልጋሉ፣ ገቢው ግን አይንቀሳቀስም። ከወለድ ነፃ መሆን ከወለድ ተጽዕኖ ነፃ መሆን አይደለም።

መደበኛው ባንክ በእንዲህ ያለ ቀን ብድሩን ለሌላ ባንክ በቅናሽ ሊሸጥ፣ ቦንዱን አስይዞ ለአንድ ሌሊት ሊበደር፣ ከሌሎች ባንኮች በወለድ ሊወስድ፣ በመጨረሻም ወደ ማዕከላዊ ባንኩ መስኮት ሊሄድ ይችላል። ለኢስላማዊው ባንክ እነዚህ በሮች ሁሉ በወለድ ምክንያት የተዘጉ ናቸው። የሙራባሃ ዕዳም በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ በውሉ ላይ ከተጻፈው መጠን በተለየ ዋጋ ሊሸጥ አይችልም፤ ስለዚህ በሒሳብ ሚዛኑ ላይ የአጭር ጊዜ ሀብት መስሎ የሚታየው በጭንቅ ቀን የማይንቀሳቀስ ነው። ሱኩክ የሚባለውን፣ ቦንድን የሚተካ በሀብት ላይ የተመሠረተ ሰነድ፣ መሸጥ ይቻላል፤ ሆኖም አቅርቦቱ ከፍላጎቱ ሲያንስ ስለኖረ የገዛው ሁሉ እስከ መክፈያው ቀን አቅፎ ይይዘዋል፤ በዚህም ምክንያት ገበያው ቀጭን ነው፤ ቀጭን ገበያ ደግሞ ሻጭ በበዛበት ቀን ዋጋ አይሰጥም። ስለዚህ ብዙ ኢስላማዊ ባንኮች የመረጡት ቀላሉን መድኃኒት ነው፤ ትርፍ የማያመጣ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መቀመጥ። ከውጭ ሲታይ ጥንካሬ የሚመስለው የሊኩዲቲ ብዛት፣ በብዙ ቦታ የአማራጭ እጦት ምልክት ነው፤ ዋጋውንም ባለአክሲዮኑና የሒሳብ ባለቤቱ በተቀነሰ ትርፍ ይከፍላሉ።

የተዘጉትን በሮች ለመተካት የተደረገው ጥረት ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ማሌዥያ በጃንዋሪ 1994 የመጀመሪያውን የኢስላማዊ ባንኮች የእርስ በርስ የገንዘብ ገበያ ከፈተች። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የተስፋፋው ደግሞ በሸቀጥ ላይ የተመሠረተው ታወሩቅ ነው፤ ገንዘብ ያጠረው ባንክ ብረታ ብረት በጊዜ ክፍያ ይገዛል፣ ወዲያው ለሦስተኛ ወገን በእጅ በእጅ ይሸጠዋል፣ ጥሬ ገንዘቡን ይይዛል፣ ዕዳውን በቀጠሮው ከነትርፉ ይከፍላል። ከዚህ ውስጥ ብረቱን ማንም አይፈልገውም። የእስልምና ትብብር ድርጅት የፊቅህ (የእስልምና ሕግ ጥናት) አካዳሚ በ2009 ሻርጃ ላይ ባደረገው ጉባኤ የተደራጀው ታወሩቅ አይፈቀድም ብሎ ወሰነ፤ ባንኮቹ ግን መጠቀማቸውን አላቆሙም። ይህን የምናገረው ለፍርድ አይደለም፤ ፍርዱ የሊቃውንቱ ነው። እኔ የማስተውለው ጽናትን የሚመለከተውን ነው፤ የአንድ ዘርፍ የገንዘብ ቧንቧ ሕጋዊነቱ በሚያከራክር ውል ላይ ሲቆም፣ ባንኩ በሌላ ቦታ የሌለ አንድ ተጨማሪ ስጋት ይሸከማል፤ ነገ ውሎቹን በእስልምና ሕግ የሚመረምረው የሸሪዓ ቦርድ ሐሳቡን ቢለውጥ ቧንቧው በአንድ ስብሰባ ይዘጋል።

ከዚህ የተሻለ መሠረት የሚታይባቸው ሙከራዎችም አሉ። በ2010 በኩዋላ ላምፑር የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የኢስላማዊ ሊኩዲቲ አስተዳደር ኮርፖሬሽን በኦገስት 2013 የመጀመሪያውን የሦስት ወር ሱኩክ በ490 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፤ ዓላማው ባንኮች ጥሬ ገንዘብ ታቅፈው ከመቀመጥ ይልቅ ቶሎ የሚመነዘር ሰነድ እንዲይዙ ነው። የእንግሊዝ ባንክ ደግሞ በ2021 ለኢስላማዊ ባንኮች በወካላ ማለትም በውክልና ውል ላይ የተመሠረተ የተቀማጭ መስኮት ከፈተ፤ ባንኩ ገንዘቡን እዚያ ያስቀምጣል፣ የሚያገኘውም ከተለየ የሀብት ስብስብ የሚመነጭ ትርፍ ነው፤ የተቀመጠውም ለሊኩዲቲ መስፈርቱ ይቆጠራል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ትርፍ ገንዘብ ያለው ባንክ የት እንደሚያኖረው ነው ይበልጥ የሚመልሱት። ገንዘብ ያጠረው ባንክ በመጨረሻው ሰዓት ከማን ይወስዳል የሚለው በብዙ አገሮች ገና ሙሉ መልስ አላገኘም።

የተመዘገበው ተሞክሮ ምን ይላል? የዓለም የገንዘብ ድርጅት ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ጥናት ትናንሽ ኢስላማዊ ባንኮች ከትናንሽ መደበኛ ባንኮች የጸኑ ሲሆኑ፣ በትላልቆቹ መካከል ግን መደበኞቹ የተሻሉ ሆነው አገኙ። የዚያው ድርጅት ሌሎች ተመራማሪዎች በ2010 እንዳሳዩት በ2008 የመጀመሪያው ማዕበል ኢስላማዊ ባንኮች በትርፋቸው ያነሰ ጉዳት ደረሰባቸው፤ መርዛማ የተባሉትን የተወሳሰቡ ሰነዶች አልያዙምና። በ2009 ቀውሱ ከገንዘብ ገበያ ወደ ሕንፃና ንግድ ሲሻገር ግን በአንዳንዶቹ ላይ የትርፍ መውረዱ ከመደበኞቹ የባሰ ሆነ። ሁለቱን ውጤቶች አንድ ላይ ካነበብናቸው የሚጋጩ አይደሉም፤ ውሉ ከአንድ ዓይነት አደጋ አራቃቸው፣ በቋሚ ንብረት ላይ መከማቸታቸው ደግሞ ሌላውን አቀረበላቸው። እንዲህ ያሉ ጥናቶች በብዛት የሚጠቀሙበት ዜድ የሚባለው ነጥብ የባንኩን ትርፍና ካፒታል ከትርፉ መዋዠቅ ጋር የሚያነጻጽር መለኪያ መሆኑንም አትዘንጉ። በመጠባበቂያ የተስተካከለ ትርፍ አይዋዥቅም፤ ስለዚህ መለኪያው የተደበቀውን መዋዠቅ እንደ ጽናት ሊቆጥረው ይችላል።

ከጥናቶቹ ሁሉ ይልቅ እኔን ብዙ ያስተማረኝ የኢህላስ ፋይናንስ ውድቀት ነው። በቱርክ ልዩ የፋይናንስ ተቋማት ይባሉ ከነበሩት ከወለድ ነፃ ድርጅቶች ትልቁ ነበር። አገሪቱ ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ በቀውስ ስትናጥ፣ የመደበኛ ባንኮች ተቀማጭ በመንግሥት ሙሉ ዋስትና ስር ነበረ፤ የልዩ ተቋማቱ ሒሳብ ግን «ትርፍና ኪሳራ የሚጋራ ስለሆነ» ከዋስትናው ውጭ ነበር። በመርሕ ደረጃ ትክክል ነው፤ ኪሳራ ለመጋራት የተስማማ ሰው እንዴት ዋስትና ይጠይቃል? ነገር ግን ያ የመርሕ ልዩነት በቀውሱ ቀን ለደንበኛው አንድ ነገር ብቻ ነገረው፤ እዚያ ማዶ ዋስትና አለ፣ እዚህ የለም። ገንዘቡን ይዞ ወጣ። ተቋሙ ለራሱ ቡድን ኩባንያዎች የሰጠው ገንዘብ ብዛት ለውድቀቱ ከሚጠቀሱ ምክንያቶች ቀዳሚው ነው፤ እንዲህ ያለ ገንዘብ ደግሞ በሳምንት ውስጥ ተሰብስቦ አይመጣም። በፌብሩዋሪ 2001 ፈቃዱ ተሰረዘ፤ ድንጋጤው ወደሌሎቹ ልዩ ተቋማትም ተሻገረ። ውሉ ኪሳራን ለመጋራት የተጻፈ ነበር፤ የሒሳብ ባለቤቶቹ ግን ለመጋራት አልቆዩም፤ ኪሳራው እስኪመዘገብ ድረስ ለወጣ ሰው ሙሉ ይከፈል ነበርና። በዚያው ዓመት ለተቀሩት ተቋማት የራሳቸው የዋስትና ፈንድ እንዲቋቋም ተደረገ፤ በ2005 የወጣው የባንክ ሕግም «የተሳትፎ ባንክ» ብሎ ሰይሟቸው ወደ አጠቃላዩ የተቀማጭ መድን አስገባቸው። ቱርክ የመረጠችው መንገድ፣ በሌላ አነጋገር፣ ኢስላማዊውን ባንክ ከሩጫ የሚጠብቀው ውሉ ሳይሆን እንደ ማንኛውም ባንክ መድኑ ነው የሚለውን መቀበል ነበር።

ማሌዥያ ተቃራኒውን ሞከረች፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያስገርመው ሙከራም ይኸው ነው። በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የኢስላማዊ ፋይናንስ አገልግሎት ሕግ የደንበኛውን ገንዘብ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ተቀማጭ ነው፤ ዋናው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ መድንም አለው። ሁለተኛው የኢንቨስትመንት ሒሳብ ነው፤ ትርፉም ኪሳራውም የባለቤቱ ነው፣ መድን የለውም። ባንኩ ይህን ለደንበኛው በግልጽ እንዲነግር ተገደደ፤ በልብ አስቀማጭ፣ በወረቀት ባለካፒታል ሆኖ መኖር አበቃ። የሽግግር ጊዜው በጁን 2015 እስኪያልቅ ድረስ በሙዳራባ ስም የተቀመጠው ገንዘብ ሁሉ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረበት። በመርሕ ደረጃ ሕጉ እስካሁን ስናገርለት የቆየሁትን ክፍተት የሚዘጋ ነው፤ ኪሳራን የሚጋራው ሰው መጋራቱን አውቆ ይገባል፣ የማይፈልገውም ዋስትናውን ይዞ ይቀመጣል።

ደንበኞቹ መረጡ። ትንሹ ክፍል ወደ ኢንቨስትመንት ሒሳብ ሄደ፤ ብዙው ዋስትና ወዳለው ተቀማጭ ገባ፤ ባንኮቹም ለዚህ ተቀማጭ ቋሚ ትርፍ ለመክፈል በሰፊው የተጠቀሙበት ውል፣ የፊቅህ አካዳሚው በ2009 ሻርጃ ላይ አይፈቀድም ያለው፣ ማንም የማይፈልገው ሸቀጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበት ታወሩቅ ነበር።